ፓርተኖን ፓርላማ አልነበረም

ጥያቄው፦ «የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። የስምንተኛ ክፍል ልጄ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ፓርተኖንን በካርቶን እየሠራ ነው። ከሥሩ 'የአቴንስ ፓርላማ፣ የዲሞክራሲ መወለጃ፣ በንጉሥ ፔሪክልስ የተሠራ' ብሎ ጽፎበታል። እኔ ግን ባሪያዎች ናቸው የሠሩት ሲባል ነው የሰማሁት። ፔሪክልስ ንጉሥ ነበር ወይስ ፕሬዚዳንት? እዚህ ከተማ ዓምድ የተደረደረባቸው የመንግሥት ሕንፃዎችም ከእነሱ የተቀዱ ናቸው ይባላል። ዲሞክራሲውም አብሮ ተቀድቶ ነው? ልጁ ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ምን ላርመው?»

ካርቶኑን አይንኩት፣ ደህና ነው። ችግሩ ጽሑፉ ላይ ነው። ፓርተኖን ፓርላማ አልነበረም። ፔሪክልስም ንጉሥ አልነበረም። ዲሞክራሲውም እዚያ ሕንፃ ውስጥ አልተወለደም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ድንጋይ ሲቀመጥ ዲሞክራሲው ስልሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። በልጁ አይፍረዱ። ጥንታዊ ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ የመጀመሪያው ሳምንት የሚያልቀው ይህንኑ በማረም ነው። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው። ወደ ታች ስለሚቆጠሩ 508 ከ447 ይቀድማል።)

ፓርተኖን አቴና የምትባለው አምላክ ቤት ነው። ሥራው በ447 ተጀመረ፣ ምስሏ በ438 ገባችበት፣ ቅርጻ ቅርጹ እስከ 432 ቆየ። ውስጡ 12 ሜትር ግድም የምትሆን፣ በወርቅና በዝሆን ጥርስ የተለበጠች አቴና ቆማበታለች። ዕቃና ገንዘብም ይቀመጥበት ነበር። ግማሹ ቤተ መቅደስ፣ ግማሹ ግምጃ ቤት ብንለው ብዙ አንሳሳትም። የምስሏ ወርቅ ራሱ ተነቃይ ነው። 40 መክሊት ይመዝን ነበር፤ ከተማዋ የባሰ ቀን ከመጣባት ነቅላ ትጠቀምበትና በኋላ ትመልሳለች። አምላካቸውን እንደ ተጠባባቂ ሒሳብ የያዙ ሰዎች ናቸው።

ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚወስነው ሌላ ቦታ ነው። ፓርተኖን ከቆመበት ኮረብታ፣ ከአክሮፖሊስ፣ ወደ ምዕራብ ትንሽ ራቅ ብሎ ፕኒክስ የሚባል ድንጋያማ ኮረብታ አለ። ጣሪያ የለው፣ ዓምድ የለው። 6,000 ያህል ሰው በማለዳ መጥቶ ይቀመጣል። አዋጅ ነጋሪው «መናገር የሚፈልግ ማነው?» ብሎ ይጣራል። ከዚያ ማንኛውም ዜጋ፣ ጫማ ሰፊም ይሁን ባለ ርስት፣ ከአለቱ ወደተጠረበው መድረክ ወጥቶ የመሰለውን ይናገራል፣ ሕዝቡም እጁን አውጥቶ ይወስናል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን በዓመት 40 ጊዜ ይሰበሰቡ ነበር። መድረኩ ዛሬም አለ። ሰው ግን ብዙም አይሄድበትም፣ ፎቶ አያምርበትማ። ጉባኤው «ኤክሌሲያ» ይባላል፤ በግሪክኛው አዲስ ኪዳን «ቤተ ክርስቲያን» የምንለው ቃል ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዲሞክራሲ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ምርጫ ነው፤ ካርድ፣ ኮሮጆ፣ ቆጠራ። አቴንሳውያን ይህንን ቢያዩ ግራ ይገባቸው ነበር። ለእነሱ ምርጫ ማለት ስም ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ሰው የሚያሸንፍበት መንገድ ነው። አርስቶትልም ሹመትን በዕጣ ማደል የዲሞክራሲ፣ በምርጫ መስጠት ደግሞ የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ አብዛኛውን ሹመት በዕጣ ነው የሚሰጡት። ዕቁብ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ይህንን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልገውም። ልዩነቱ የእኛ ዕጣ ብር ያወጣል፣ የእነሱ ሥራ ያወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክሌይስቴኔስ የሚባል ሰው በ508 ሕዝቡን በ10 ነገድ አዋቀረው። ከየነገዱ 50፣ በድምሩ 500 ሰው ለአንድ ዓመት ምክር ቤት ይገባል፤ የጉባኤውን አጀንዳ የሚያዘጋጀው ይህ ምክር ቤት ነው። አንድ ሰው በዕድሜው ከሁለት ዓመት በላይ ሊያገለግል አይችልም። የአንድ ነገድ 50 ሰዎች በተራቸው የዓመቱን አንድ አሥረኛ ያህል ጊዜ በኃላፊነት ይቆያሉ። ከእነሱ መካከል ደግሞ በየቀኑ አንዱ በዕጣ ሊቀመንበር ይሆናል። ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት ብቻ! የግምጃ ቤቱ ቁልፍና የመንግሥቱ ማኅተም እሱ እጅ ያድራል፣ በማግሥቱ ለሌላ ያስረክባል። ትናንት ወይራ ሲለቅም የዋለ ገበሬ ዛሬ የከተማዋ ማኅተም ኪሱ ውስጥ ነው።

ፍርድ ቤቱም እንዲሁ። በዓመት 6,000 ሰው በዳኝነት ይመዘገባል፣ ሙያተኛ ዳኛ የሚባል ነገር የለም። ማን ዛሬ እንደሚያስችል የሚለየው ክሌሮቴሪዮን በሚባል መሣሪያ ነው። ትልቅ የድንጋይ ሰሌዳ ነው፤ በረድፍ በረድፍ ስንጥቅ ተቀርጾበታል። እያንዳንዱ ሰው ስሙ የተጻፈበትን ትንሽ የነሐስ ታርጋ ስንጥቁ ውስጥ ይሰካል። በጎን በኩል ባለው ቱቦ ጥቁርና ነጭ ኳሶች ተቀላቅለው ይወርዳሉ። ነጭ ከወጣ ያ ረድፍ በሙሉ ለዕለቱ ዳኛ ነው፣ ጥቁር ከወጣ ረድፉ በሙሉ ወደ ቤቱ። ማን የትኛው ችሎት እንደሚቀመጥ እስከዚያች ጠዋት ስለማይታወቅ ጉቦ ሰጪው ለማን እንደሚሰጥ እንኳ አያውቅም። የመሣሪያው ስባሪ አቴንስ ውስጥ በአጎራ ሙዚየም አለ። ለእኔ ከፓርተኖን ይልቅ ይህ ድንጋይ ነው የሚገርመኝ፣ ተማሪዎቼ ግን አይስማሙም።

ድሃው ይህን ያህል ሥልጣን ከየት አመጣው? ከመርከብ። በ483 አካባቢ በላውሪዮን ማዕድን ብዙ ብር ተገኘ። ቴሚስቶክልስ የሚባል ፖለቲከኛ ገንዘቡ ለሕዝቡ ይከፋፈል የሚለውን ሐሳብ ተቃውሞ የጦር መርከብ ይሠራበት አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሳላሚስ ላይ የፋርስን ኃይል የመለሱት እነዚህ መርከቦች ናቸው። አንዱ መርከብ 170 ቀዛፊ ይፈልጋል። ቀዛፊ ደግሞ ፈረስም ጋሻም መግዛት አይጠበቅበትም፣ ክንዱን ይዞ መምጣት ነው። ከተማዋን ያዳነ ድሃ ስብሰባ ላይ ዝም በል ሲባል ዝም አይልም። ከዚያ በኋላ በ462 ኤፊያልተስ የባላባቶቹን የቆየ ሸንጎ ሥልጣን ቀነሰው፣ ነገሩ መልክ ያዘ።

ሁሉን ነገር ግን በዕጣ አላደረጉም። ጦር መምራት ዕውቀት ይፈልጋል ብለው በዓመት 10 የጦር አዛዦችን ይመርጡ ነበር፣ ደጋግሞ መመረጥም ይቻላል። ፔሪክልስ ከእነዚህ ከ10ሩ አንዱ ነው። በቃ። ዘውድ የለው፣ ቤተ መንግሥት የለው። የሥራ ዘመኑ አንድ ዓመት ነው፣ ሲጨርስ ሒሳቡን አቅርቦ ይመረመራል። ታዲያ እንዴት 15 ዓመት በተከታታይ ተመረጠ? በአንደበቱና በሰው አመኔታ። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ በፔሪክልስ ጊዜ አቴንስ በስም ዲሞክራሲ፣ በተግባር ግን የአንደኛው ሰው አገዛዝ ነበረች ይላል። ይህችን አባባል ሁሉም ይጠቅሳታል፣ እኔ ግን ትንሽ እጠረጥራታለሁ። ራሱ ቱሲዲደስ ሲቀጥል የሚነግረን ሌላ ነገር ነዋ። ከስፓርታ ጋር የተደረገው ጦርነት ከተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ430፣ ወረርሽኝ ከተማዋን ሲፈጃት ሕዝቡ ፔሪክልስን በገንዘብ ቀጣው። ብዙም ሳይቆይ መልሶ መረጠው። በ429 ሞተ። ንጉሥ በተገዢዎቹ አይቀጣም።

የቤቱም ታሪክ ያሳዝናል። በ451 ፔሪክልስ ራሱ ባቀረበው ሕግ ዜጋ የሚሆነው እናትም አባትም አቴንሳዊ የሆነለት ብቻ ነው ተባለ። በኋላ ግን ከሚሌጦስ ከመጣችው ከአስፓሲያ ልጅ ወለደ፣ በገዛ ሕጉ ልጁ ዜጋ አይደለም። ከሚስቱ የወለዳቸው ሁለቱ ወንዶች በወረርሽኙ ሲያልቁበት ሕዝቡን ለምኖ ለዚያ ልጅ ዜግነት አሰጠው። ልጁም አድጎ የጦር አዛዥ ሆነ። በ406 እሱና ሌሎቹ አዛዦች አርጊኑሳይ በሚባል ቦታ በባሕር ውጊያ ድል አድርገው ሲያበቁ፣ ማዕበል ተነስቶ ባሕር ውስጥ የቀሩትን ሰዎች አላነሳችሁም ተብለው አዛዦቹ በጅምላ ተከሰሱ። በዕለቱ ከ50ዎቹ ኃላፊዎች አንዱ ሆኖ የተቀመጠው ፈላስፋው ሶቅራጥስ ይህ ሕግ አይፈቅድም ብሎ እምቢ አለ። አልሰሙትም። ስድስቱ ተገደሉ፣ አንዱ የፔሪክልስ ልጅ ነበር። ሕዝቡ በኋላ ተጸጸተ ይባላል፣ ምን ዋጋ አለው።

ለዚህ ነው ዲሞክራሲያቸውን እንደ ጽድቅ ታሪክ እንዳይተርኩለት የምመክረው። ሴቶች አይናገሩም፣ ድምፅ አይሰጡም። እዚያው ተወልዶ ያደገ የውጭ ሰው ልጅ ግብር ይከፍላል፣ ይዘምታል፣ ጉባኤ ግን አይገባም። ባሪያማ ሰው ተብሎም አይቆጠርም፤ ያ መርከብ የተሠራበት ብር ራሱ ባሪያዎች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ እየተሳቡ ያወጡት ነው። ጉባኤው ቁጡ ነው። በ427 በአቴንስ ላይ ያመፀችውን የሚቲሌኔን ከተማ ወንዶች ሁሉ ግደሉ ብሎ መርከብ ላከ፣ በማግሥቱ ሐሳቡን ቀየረና ሁለተኛ መርከብ አስከተለ። ሁለተኛው ሌት ተቀን ቀዝፎ ለጥቂት ደረሰ። በ416 ለሜሎስ ደሴት ግን ሁለተኛ መርከብ አልተላከም። ወንዶቹ ተገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ተሸጡ። ደስ ያላላቸውን ፖለቲከኛም ስሙን ገል ላይ ጭረው ለ10 ዓመት ከአገር ያስወጡ ነበር። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ የቴሚስቶክልስ ስም የተጻፈባቸው ወደ 190 የሚሆኑ ገሎች ተገኝተዋል፣ የእጅ ጽሑፋቸው ሲታይ ግን የጻፏቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለመራጭ ሊታደል የታሰበ ይመስላል። ቅስቀሳ ዛሬ አልተጀመረም።

ወደ ሕንፃው ልመለስ፣ ማን ሠራው ላሉት። «ባሪያዎች ሠሩት» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ወጪያቸውን እብነ በረድ ላይ ጽፈው አደባባይ ያቆሙ ነበር፣ ሕዝቡ እንዲያየው። የሠራተኛው ዝርዝር በደንብ የተረፈው የፓርተኖን ሳይሆን እዚያው አክሮፖሊስ ላይ የሚገኘው የኤሬክቴዮን ነው፣ ከ409 አካባቢ። እዚያ ማንነታቸው ከታወቀ 86 ሠራተኞች ውስጥ 24ቱ ዜጎች፣ 42ቱ የውጭ ተወላጅ ነዋሪዎች፣ 20ዎቹ ባሪያዎች ናቸው። ጎን ለጎን ቆመው ያንኑ ዓምድ ይጠርባሉ፣ የቀን ክፍያውም ለሁሉም አንድ ድራክማ ነው። የባሪያው ድራክማ ግን ወደ ጌታው ኪስ ነው የሚገባው። ስለዚህ ልጁ «በነፃ ሰዎችና በባሪያዎች» ብሎ ይጻፍ።

ይልቅ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ነው። አቴንስ ፋርስን ለመከላከል የተቋቋመ የብዙ ከተሞች ማኅበር መሪ ነበረች። መዋጮው መጀመሪያ ዴሎስ ደሴት ይቀመጥ ነበር፣ በ454 ግምጃ ቤቱ ወደ አቴንስ ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ የጋራው ገንዘብና የአቴንስ ገንዘብ ልዩነቱ እየጠፋ ሄደ። የሕንፃው ወጪ ምን ያህሉ በቀጥታ ከመዋጮው እንደመጣ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አባል ከተሞቹ ባይከፍሉ አቴንስ ይህን ያህል ባልተንደላቀቀች ነበር የሚለው ላይ ግን ብዙ ክርክር የለም። እዚያው አቴንስ ውስጥም ተቃዋሚ ነበረ። የአጋሮቻችንን ገንዘብ ወስደን ከተማችንን እንደ ሴት ወይዘሮ በጌጥ እናንቆጠቁጣታለን ብለው ጮኸዋል። የተቃዋሚዎቹ መሪ በ443 ስሙ ገል ላይ ተጽፎ ተሰናበተ።

ግን ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም ሕንፃው አፍ ያስከፍታል። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራተስ ናቸው፣ የቅርጻ ቅርጹ አለቃ ፊዲያስ። እብነ በረዱ 16 ኪሎ ሜትር ግድም ከሚርቀው ከፔንቴሊ ተራራ ካባ ተፈንቅሎ የመጣ ነው። በውጭ በኩል 46 ዓምዶች አሉት፣ 8 በፊት፣ 17 በጎን፣ ማዕዘኖቹን ሁለቴ ካልቆጠሩ። ቁመታቸው 10.4 ሜትር አካባቢ። አሁን ያስተውሉ፤ ሕንፃው ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር ማግኘት ጭንቅ ነው። ወለሉ በረጅሙ ጎን መሃል ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎበጥ ይላል። ዓምዶቹ በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ወገባቸው ላይ ጥቂት ያብጣሉ፣ የማዕዘኖቹ ከሌሎቹ ወፈር ይላሉ። ወለሉ ስለጎበጠ በላዩ ያለው ድንጋይ ሁሉ ለየራሱ ቦታ ብቻ ተለክቶ መጠረብ ነበረበት። ለምን ሲባል ዓይን እንዳይሸወድ ነው ይላሉ፣ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ሕንፃው እንዳይደርቅ፣ ነፍስ እንዲኖረው ብለው ያደረጉት ይመስለኛል። ስሚንቶ የሚባል የለውም። ድንጋዩ ከድንጋይ በብረት ተቆላልፎ ብረቱ እንዳይዝግ በእርሳስ ተሸፍኗል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጠገኑት ሰዎች እርሳሱን ትተው ባዶ ብረት አስገቡበት። ብረቱ ዝጎ አብጦ እብነ በረዱን ሰነጣጠቀው። ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ የሚካሄደው ጥገና አንዱ ሥራ ያንን ብረት እያወጡ በቲታኒየም መተካት ነው።

ሌላ እርማት፤ ልጁ ነጭ ካርቶን ከተጠቀመ ቅርጻ ቅርጹን ቀለም ይቀባው። ሰማያዊና ቀይ ነበረበት። ነጭ የሆነው ዘመን አጥቦት ነው። ጣሪያው የጠፋው ደግሞ በእርጅና አይደለም። ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን ሆኖ፣ ቀጥሎ መስጊድ ሆኖ፣ ኦቶማኖች ባሩድ አከማችተውበት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1687 የቬኒስ ጦር በመድፍ መታው።

አሁን ዲሲ። ሊንከን መታሰቢያ በእርግጥ የፓርተኖን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ተመረቀ፣ 36 ዓምዶቹ ሊንከን ሲሞት የነበሩትን ክፍለ ግዛቶች ይቆጥራሉ። ልዩነት ካሻችሁ መግቢያውን እዩት፣ በረጅሙ ጎን ነው፤ የፓርተኖን በአጭሩ። ጉልላት ያላቸው ሕንፃዎች ግን የሮም ዘመዶች ናቸው። ጄፈርሰን መታሰቢያ የሚመስለው ሮም ያለውን ፓንቴዎን ነው፣ ፓርተኖንና ፓንቴዎን እንዳይምታቱበት። «ሴኔት» እና «ካፒቶል» የሚሉት ስሞችም የሮም ናቸው።

ዲሞክራሲው አብሮ ተቀድቷል? አልተቀዳም፤ ሆን ተብሎ ነው የተተወው። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የነደፉት ሰዎች የአቴንስን ታሪክ ጥርት አድርገው ያውቁ ነበር፣ ስለሚያውቁም ፈሩት። ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ እ.ኤ.አ. በ1788 ከወጡት መጣጥፎች አንዱ የአቴንስ ዜጋ ሁሉ ሶቅራጥስ ቢሆን እንኳ ጉባኤው መንጋ ከመሆን አያመልጥም ነበር ይላል። ስለዚህ ሕዝቡ ራሱ ይወስን የሚለውን ትተው ወኪል ይምረጥ አሉ፤ አርስቶትል የጥቂቶች ጠባይ ያለውን መሆኑ ነው። ዓምዱማ ለማንም ያገለግላል። የበርሊኑ ብራንደንቡርግ በር የአክሮፖሊስን መግቢያ አስመስሎ እ.ኤ.አ. በ1791 የተሠራው ለፕሩሲያ ንጉሥ ነው። የእኛው ኢዛናም ድንጋይ ላይ ከግዕዝና ከሳባ ጋር በግሪክኛ አስጽፏል፣ የአክሱም ሳንቲምም ግሪክኛ ይናገር ነበር፤ ፊደሉ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ጉባኤው አልተከተለውም። ዕጣው ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2016 አየርላንድ ከሕዝቡ በዕጣ የወጡ 99 ሰዎችን አስቀምጣ በከባድ ጉዳዮች ላይ አማክራለች፣ የ2018ቱ የውርጃ ሕዝበ ውሳኔ የመጣው በዚያ በኩል ነው። አሜሪካ ውስጥም ዜጋ ከሆኑ አንድ ቀን ለጁሪ የሚጠራዎት ደብዳቤ ቤትዎ ይመጣል። እሱ የመጣው በእንግሊዝ ሕግ በኩል ነው እንጂ ከአቴንስ አይደለም፤ ግን አንድ አቴንሳዊ ከመቃብር ቢነሳ ዲሲ ውስጥ ቤቴ ነው የሚለው ከዓምዱ ይልቅ ያቺን ደብዳቤ ሲያይ ይመስለኛል።

አንድ ጥንቃቄ፤ ልጁ ከኢንተርኔት የፔሪክልስን ንግግር ቃል በቃል እንዳይገለብጥ። ንግግሩን የጻፈው ቱሲዲደስ ነው፣ እሱም ቃሉን ሳይሆን የንግግሩን መንፈስ እንደያዘ በግልጽ ይናገራል። የፔሪክልስን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ፕሉታርክ ደግሞ ከ500 ዓመት በኋላ የመጣ ነው፤ ጨዋታው ይጥማል፣ እንደ ቃለ ጉባኤ ግን አይያዝም።

የኔ ምክር አንድ ነው። ፓርተኖኑ ይቀመጥ፣ ጽሑፉ «የአቴና ቤተ መቅደስና ግምጃ ቤት፣ 447–432» ተብሎ ይታረም፣ ፔሪክልስም «ከ10 የጦር አዛዦች አንዱ፣ የሕንፃውን ሥራ ሐሳብ ለሕዝቡ ያቀረበ» ይባል። ከዚያ ያው ጠረጴዛ ላይ፣ በስተግራ፣ ፕኒክስን ይጨምርበት። ወጪ የለውም። ወረቀት ጨምድዶ ኮረብታ ያድርገው፣ ምንም ዓምድ አያቁምበት፣ ለመድረኩ የክብሪት ቀፎ ይበቃል።